በሳምንት አንድ ቀን ባጃጅ የሚነዳ ኢንጂነር «ሥራ አለው» ተባለ፤ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚቆጠረው?

የአቶቴዋ
ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ፣ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሰሞኑን ታብሌት የያዘች ልጅ ከስታትስቲክስ ነው የመጣሁት ብላ እኛ ግቢ ገባች። ጨዋ ልጅ ናት፣ መታወቂያዋን አሳየች። እማዬ ቡና እያፈላች ስለነበር ቁጭ አድርጋ አጣጣቻት። ቤታችን ውስጥ አምስት አዋቂ አለን። አባዬ ጡረታ ወጥቷል። እማዬ በር ላይ ከሰልና ሽንኩርት ትቸረችራለች። እኔ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ታላቅ እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራ ነበር፣ ከወለደች ወዲህ ቤት ናት። ወንድሜ ደግሞ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እሁድ እሁድ ብቻ የአጎታችን ባጃጅ ሹፌር ሲያርፍ እሱ ይይዝለታል።

ጥያቄው ሲያልቅ ልጅቷን ምን ብለሽ ሞላሽን አልኳት። ወንድሜ ሥራ አለው። እማዬም እኔም ሥራ አለን። አባዬና እህቴ «ከሠራተኛው ኃይል ውጭ»። ሥራ አጥ፦ ዜሮ! እማዬ ይሄን ስትሰማ «ታዲያ ይሄን ጎረምሳ እስከዛሬ ማነው የሚያበላው?» ብላ ልጅቷን አሳቀቻት።

ልጅቷን አልወቅስም፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ግን አምስት ዓመት ምህንድስና የተማረ ልጅ በእሁድ ባጃጅ ሥራ ያዘ ከተባለ፣ በዜና የምንሰማው የሥራ አጥ ቁጥር እነማንን ነው የሚቆጥረው?

ፒያሳ ነኝ
እንኳን ደስ ያላችሁ! ወንድምሽ ሥራ ስለያዘ ድግሱ መቼ ነው? ዓሣውን ከአሞራ ገደል እኔ አመጣለሁ፣ ዳጣ ከናንተ።

ቆጣሪው
የአቶቴዋ፣ ልጅቷ በትክክል ነው የሞላችው። እኔም መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ብዙ ቀበሌ ዞሬአለሁ፣ ያቺን ጥያቄ በእንቅልፌም እላታለሁ፦ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ሠርተዋል?» አዎ ካለ አለቀ፣ ሥራ ላይ ነው። መለኪያው የዓለም ሥራ ድርጅት በሚጠራው የሠራተኛ ስታትስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ የጸደቀ ነው፣ አሜሪካም ኬንያም በአንድ ሰዓት ነው የሚሄዱት። እኛ ጋ ቀደም ሲል ወለሉ ከፍ ይል ነበር፣ በ1997ቱ የሠራተኛ ኃይል ጥናት 4 ሰዓት ነበር።

ለምን አንድ ሰዓት ተባለ? ሰውዬው ኖሯል ወይ፣ ጠግቦ አድሯል ወይ ለማለት አይደለም። የአገር ምርት ሲደመር ወንድምሽ እሁድ ያመላለሳቸው ሰዎች የከፈሉት ብር እዚያ ድምር ውስጥ አለ። ምርቱን ቆጥረህ ያመረተውን ሰው ከተውከው ሒሳቡ አይገጥምም። ሌላው፣ አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይቆጠር ነው። መጀመሪያ ሥራ ላይ ነው አይደለም ይባላል። አይደለም ከሆነ ብቻ ሥራ ፈልጓል ወይ፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ ነው ወይ ይባላል። ሦስተኛው ቦታ እንደ አባትሽ ያሉት፣ ከጨዋታው ውጭ የሆኑት ናቸው። በመቶኛው የሚወጣው ሥራ አጦቹን ለሥራ አጦችና ለሠራተኞች ድምር በማካፈል ነው። ሦስተኞቹ በሒሳቡ ውስጥ የሉም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከሷ ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ መጠይቁ እዚያ አያቆምም። በሳምንቱ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ተጨማሪ ሥራ ቢያገኝ ይሠራል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አዎ ካለ «ያልተሟላ ሥራ ያላቸው» በሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱ ላይ አለ። ግን ያንን ገጽ ገልጦ ዜና የሚሠራ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም።

የአቶቴዋ
እሺ ተጨማሪ ሥራ ስለመፈለግ ጠይቃዋለች፣ አሁን ትዝ አለኝ። «በደንብ!» ነው ያላት። ስለ እህቴ ግን አልገባኝም።

ባለ ሦስት እግር
ቆጣሪው አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ንብረቱ የሰው ነው፣ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሬ ማደያው በር ላይ ባጃጄን አሰልፌ፣ እዛው ተኝቼ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ቀጂው እጁን እያወናጨፈ «አልቋል» አለን። እየገፋሁ ነው የተመለስኩት። ሰው አልጫንኩም፣ አምስት ሳንቲም አልያዝኩም። ባለቤቱ ግን ማታ ደውሎ ገቢ ይላል። እንግዲህ ንገረኝ፣ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ ሥራ አጥ?

ቆጣሪው
ሥራ ላይ ነበርክ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተካሄደው 18ኛው ጉባኤ የሥራ ሰዓት የሚባለው ምን ምን እንደሆነ ሲዘረዝር መጠበቅንም አስገብቷል። ደንበኛ የምትጠብቅበት፣ ዕቃ እስኪመጣ የምትቀመጥበት፣ ማሽን ተበላሽቶ የምትቆምበት ጊዜ ሁሉ የሥራ ሰዓት ነው። ማደያ ማደርህ ከዚያ ይመደባል። አለማትረፍህ ደግሞ ሥራ አጥ አያደርግህም፣ ሱቁን ከፍቶ ሳይሸጥ የዋለ ነጋዴም ሥራ ላይ ነው።

ባለ ሦስት እግር
እና ከኪሴ እየከፈልኩ ሥራ አለኝ በለኛ ሃሃሃ። በሉ እሺ።

እውነቱ ይነገር
ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ቁጥሩ የተቀባባ ነው በቃ። በየዓመቱ በቴሌቪዥን ለዚህን ያህል ሚሊዮን ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጠረ ይባላል። እሱን ብንደምረው ኖሮ ዛሬ ከጎረቤት አገር ሠራተኛ እናስመጣ ነበር። ታቦር ተራራ ሥር ጠዋት ሄዳችሁ የቆመውን ጎረምሳ ቁጠሩ።

ቢሮ ነበርኩ
እውነቱ ይነገር፣ ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮችን ነው የቀላቀልከው። ሥራ ዕድል ፈጠራ ላይ ሠርቼ ስለወጣሁ ልንገርህ፣ የት እንደሆነ ይቅር።

ያ በዜና የምትሰማው ከወረዳ እየተደመረ የሚወጣ የአስተዳደር ሪፖርት ነው። ለዓመቱ ዕቅድ ይወርድልሃል፣ ሩብ ዓመት ሲደርስ ትሞላለህ። ፎርሙ ላይ «ቋሚ» እና «ጊዜያዊ» የሚል አለ። ኮብልስቶን ለሦስት ወር የነጠፈበት ልጅ ጊዜያዊ ተብሎ ይገባል። ሥራው አልቆ ያው ልጅ በቀጣዩ ዓመት ዶሮ እርባታ ሲደራጅ አዲስ ሥራ ዕድል ተብሎ እንደገና ይገባል። አምስት ሆነው ማኅበር መሥርተው ብድር ሳይለቀቅላቸው የተበተኑትም ሪፖርቱ ውስጥ አሉ። የገባው ይቆጠራል፣ የወጣው የሚጻፍበት ዓምድ ግን አልነበረንም። በርሜል ውስጥ ስንት ውኃ አለ ብሎ መለካትና ስንት ጆግ ጨመርክበት ብሎ መቁጠር አንድ አይደለም፣ በተለይ በርሜሉ ከሥሩ ቀዳዳ ካለው።

የምዝገባውም ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ሥራ ፈላጊ ብሎ ተመዝግቦ ካርድ የሚያወጣ ሰው መቼ እንደሚበዛ ታውቃለህ? ኑሮ ሲከብድ እንዳይመስልህ። ሼድ ሊታደል ነው፣ ብድር ሊለቀቅ ነው፣ ፋብሪካ ሊቀጥር ነው ሲባል ነው። ያኔ በረንዳው እስኪሞላ ይሰለፋሉ። ወሬው ሲጠፋ ሰውም ይጠፋል። የሥራ አጥ ድጎማ የሚባል ነገር እኛ አገር የለም፣ ታዲያ በባዶ ምን ብሎ ይመዝገብ? ስለዚህ መዝገቡ ሲያብጥ ሥራ አጡ በዛ፣ ሲሳሳ ቀነሰ ማለት አይቻልም። በመቶኛ የሚወጣው ቁጥር ከኛ መዝገብ አይመጣም። ቆጣሪው የሚላት ዓይነት ልጅ ታብሌት ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ነው የሚገኘው።

እውነቱ ይነገር
ይሄን አላውቅም ነበር እሺ። ግን እነሱም ቢሆኑ ሁሉን ቤት አያንኳኩም።

ቆጣሪው
አያንኳኩም፣ አያስፈልግምም። ከተማው በቆጠራ ቦታ ይከፋፈላል፣ ከቆጠራ ቦታዎቹ በዕጣ ይመረጣል፣ በተመረጠው ቦታ ያሉት ቤተሰቦች ተዘርዝረው እንደገና ዕጣ ይወጣል። የአሜሪካው ወርኃዊ ጥናት እንኳ 60,000 ገደማ ቤተሰብ ነው የሚጠይቀው፣ እነሱም ከድጎማ መዝገብ አይደለም የሚያወጡት። ብዙ ሰው እንደዛ ይመስለዋል።

በኔ በኩል የምፈራው ናሙናውን አይደለም፣ በር ላይ የሚሆነውን ነው። አንዴ አንድ ቤት ገባሁ፣ አባወራው ጋቢ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የቤቱን ሰው ሁሉ እሳቸው ይመልሱልኛል። «ሴት ልጅዎ ባለፉት 7 ቀናት ሠርታለች?» «ኧረ ምን ሥራ አላት፣ ቤት ናት።» ልጽፍ ስል ከማድ ቤት ድምፅ መጣ፦ «አባዬ! እንጀራውን ለሆቴሉ የምጋግረው ማነው?» ወጥታ ስጠይቃት በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ከመቶ በላይ እንጀራ። ባትሰማን ኖሮ ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ሆና ትቀር ነበር። ሴቶች ራሳቸው ሲጠየቁም እንደዛ ነው፣ ቤት ነኝ ይላሉ። ለዚህ ነው መጠይቁ ላይ «ሸጠዋል? ጋግረው፣ ጠምቀው፣ ፈትለው ለገበያ አቅርበዋል?» እያልን የምንጎተጉተው። እናትሽም ከሰሉ ባይጠየቅ ኖሮ እንደዚያው ነበር የሚሆነው፣ የአቶቴዋ።

ሼድ የነበረች
ስለ እህትሽ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔም እሷ ነኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ እጅጌ መግጠም ላይ። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ገና ተማሪ ነበርኩ፣ በኋላ ነው የገባሁት። ላይናችን ላይ ሠላሳ ምናምን ልጆች ነበርን፣ ከቤንሳ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከወላይታ፣ ከሀላባ የመጡ። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ፍራሹን በፈረቃ ነው የምንተኛበት፣ አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትመጣ ሌላዋ ትነሣለች። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሚለውን ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ስትሰርዝብን ትዕዛዝ እየሳሳ መጣ። አንዳንዱ ሼድ ተዘጋ፣ እኛን ደግሞ መጀመሪያ ኦቨርታይም አስቀሩ፣ ቀጥሎ ዓመት ፈቃድ ውጡ አሉ፣ ከዚያ ደውለን እንጠራችኋለን። እስካሁን አልደወሉም።

አሁን ጥያቄዬ። ከሠላሳዎቹ ውስጥ ሀዋሳ የቀረን ከአሥር አንበልጥም። የቀሩት አገራቸው ገቡ። አንዷ ቤንሳ አባቷ ጋ ቡና ትለቅማለች፣ ሌላዋ እናቷ ጋ እንሰት ትፍቃለች። እነሱ የት ተቆጠሩ?

ቆጣሪው
እህቴ፣ ያነሳሽው ነገር ከዚህ ክር ሁሉ ይከብዳል።

ቡና የምትለቅመው ልጅ ክፍያ ባይኖራትም ለገበያ በሚያመርት የቤተሰብ ሥራ ላይ ስለሆነች ሥራ ላይ ናት፣ ያውም በገጠር። እንሰት የምትፍቀው ለቤት ፍጆታ ብቻ ከሆነ ትርጉሙ ተለውጧል። በድሮው እሷም ሥራ ላይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው 19ኛው ጉባኤ ግን ለራስ ፍጆታ ማምረት «ሥራ» ቢሆንም «ቅጥር» ውስጥ አይገባም አለ። ሥራ ካልፈለገች ወይም ዝግጁ ካልሆነች ከኃይሉ ውጭ ትሆናለች።

ሁለቱም ሀዋሳ ላይ የሉም። ሀዋሳ ላይ ሥራ አጥ ሆነው ቢቀሩ የከተማውን ቁጥር ያሳድጉት ነበር። ስለሄዱ ከማካፈሉ ከላይም ከታችም ወጡ፣ ከሥራ አጡም ከድምሩም። ፋብሪካ ተዘግቶ የከተማው ሥራ አጥነት ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል ማለት ነው፣ ሥራ ያጣው ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ከሄደ። ሪፖርት ሳነብ ከመቶኛው በፊት የሥራ ላይ ሰዎችን ብዛት የማየው ለዚህ ነው። ሰው ተሳፍሮ ስለሄደ የዚያ ብዛት መቀነስ አይደበቅም።

ሼድ የነበረች
እኔስ? ሕፃን ልጅ አለኝ። አትፈልጊም ወይ ብትለኝ አልፈለግሁም፣ የት ጥዬው ልፈልግ። የሚይዝልኝ ባገኝ ግን ነገ ጠዋት እገባለሁ።

ቆጣሪው
እዚህ ላይ ነው ቁጥሩ የሚወላገደው። ጥብቁ ትርጉም ሦስቱንም ይጠይቃል፣ ሥራ የላትም፣ በ4 ሳምንት ውስጥ ፈልጋለች፣ ዝግጁ ናት። በሱ ከሄድን አንቺ ሥራ አጥ አይደለሽም፣ ስላልፈለግሽ። ላላ ያለው ትርጉም ግን መፈለግን ይተወዋል። 13ኛው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1982 የሥራ ገበያቸው ባልተደራጀ አገሮች ይሄ ይፈቀዳል ብሏል፣ እኛም አገር ሲሠራበት የኖረው ላላ ያለው ነው። ምክንያት አለው። ማስታወቂያ የማይወጣበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ምን አድርጎ ይፈልግ? ስለዚህ «ሥራ ብታገኚ ትሠሪያለሽ?» ስትባይ «አዎ» ካልሽ ሥራ አጥ ነሽ። «ልጄን ማን ይዞልኝ» ካልሽ ጠያቂዋ ዝግጁ አይደለችም ብላ ታልፍሻለች። ያው ሴትዮ፣ ያው ኑሮ፣ ከአንደበትሽ መጀመሪያ በወጣው ነገር ቦታሽ ይለያያል።

ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ሁለቱንም ጎን ለጎን ታወጣለች። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጨረሻ ሩብ ዓመት በጥብቁ 32.1 በመቶ፣ በላላው 41.1 በመቶ ነበር። በመሃል ያሉት 9 ነጥቦች በአብዛኛው ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ያቆሙ ሰዎች ናቸው።

የአቶቴዋ
እህቴ «ልጄን ማን ይዞልኝ» ነው ያለችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቁጥር እወዳለሁ
ቆጣሪው «ያዙልኝ» ያላትን ነገር በቁጥር ላሳይ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው።

አንድ ሰፈር ውስጥ 100 አዋቂ አለ እንበል። 60ው ይሠራል፣ 15ቱ ሥራ አጥ ነው፣ 25ቱ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የቤት እመቤት። 15ን ለ75 ስታካፍል 20 በመቶ። አሁን ከ15ቱ አምስቱ ሰልችቷቸው ፍለጋውን ተዉት፣ «አልፈልግም ተዉኝ» አሉ። 10 ለ70፣ ከ14 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድም ሰው ሳይቀጠር ሥራ አጥነት ወደ 6 ነጥብ ቀነሰ! በተቃራኒው ፋብሪካ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ መጣ፣ ከ25ቱ አሥሩ ተነሥተው መፈለግ ጀመሩ። 25 ለ85፣ 29 በመቶ ገባ። ተስፋ በመጣበት ወር ቁጥሩ ከፋ። ቢሮ ነበርኩ ስለ ሰልፉ ያለው ጋር ይመሳሰላል፣ ምንጩ ቢለያይም።

ሥራ ላይ ያሉትን ለአዋቂው ሕዝብ ብታካፍሉ ግን በሦስቱም ጊዜ 60 በመቶ ነው፣ አይወዛወዝም። እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

እውነቱ ይነገር
እሱም ባጃጁን በሳምንት አንድ ቀን የሚነዳውን ይዞ ነው 60 ያልከው።

ቁጥር እወዳለሁ
ትክክል። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው አይጥመኝም፣ እኔን ጨምሮ።

ጋሽ ጡረታ
ልጆች፣ ዳር ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በከተማው ጥናት የሚጠየቀው 10 ዓመት የሞላው ሁሉ ነበር። ሕጉ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከ15 ዓመት በታች አትቅጠሩ ይላል። መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠራው የ12 ዓመት ልጅ እንግዲህ በስታትስቲክስ ሠራተኛ፣ በሕግ ሕፃን ነው። ይሄ ልክ ነው ትላላችሁ?

ቆጣሪው
ጋሼ፣ እውነት ብለዋል፣ ግን ባይቆጠር ይብሳል። ቆጠራ ፈቃድ መስጠት አይደለም። ልጁ ካልተጻፈ ስንት ሕፃን እየሠራ እንደሆነ በምን እናውቃለን? የዕድሜ ወለሉን ግን ቁጥሮች ሲያወዳድሩ ማየት ያስፈልጋል፣ ሌላው አገር አብዛኛው ከ15 ዓመት ነው የሚጀምረው።

አዲስ አበቤው
ከሩቅ ልግባ። የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት 8 በመቶ የሚል አይቻለሁ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥናት። አሜሪካ 4 ምናምን። እጥፍ ብቻ ነው ልዩነታችን? ይሄማ ጥሩ አይደል እንዴ?

ፒያሳ ነኝ
ጥሩ ነው፣ ግሪን ካርድ የሚሞላውን ሰልፍ በትነው በላቸው።

ቆጣሪው
8 በመቶው የመላው አገር ነው፣ ገጠሩን ጨምሮ። ገጠር ብቻውን 5.2፣ ከተማ ብቻውን 18.7 ነበር። ከዚያ በፊት በ2005 ዓ.ም. አገር አቀፉ 4.5፣ ከተማው 16.5 ነበር። በ2010ሩ የከተማ ጥናት ደግሞ 19.1።

ገጠር ዝቅ ያለው ገጠሬው ደልቶት አይደለም። ሥራ አጥ ለመሆን የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል። ኢንጂነሩን ልጅ ቤተሰቡ ይዞታል፣ ስለዚህ የሚመጥነውን እየጠበቀ ነው። ያ የሌለው ሰው ጠዋት ተነሥቶ ያገኘውን ያደርጋል፣ ሸንኮራ ይሸጣል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ የወንድሙን ማሳ ያርማል። ከዓለም ዝቅተኛ ሥራ አጥነት ያላቸውን አገሮች ዝርዝር ብታይ በጣም ድሆቹንም እዛ ታገኛቸዋለህ። አሜሪካ ላይ 4 በመቶ ማለት በአብዛኛው ደመወዝተኛ በሆነ ሕዝብ ውስጥ ነው፣ በዚያ ላይ በጥብቁ ትርጉም። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ከንቱ ነው። ከ4.5 ወደ 8 «እጥፍ ሊሆን ነው» የሚሉትም እንዲሁ፣ በመሃል ትርጉም መለወጥ አለመለወጡን ሳያዩ ባይናገሩ ይሻላል።

ለከተማችን የሚጠቅመው የከተማው ነው። እሱንም በጾታ ለዩት፣ በ2010ሩ ጥናት የሴቶቹ ከወንዶቹ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ሼድ የነበረች
እጥፍ ሆኖ እኔና የአቶቴዋ እህት ሳንገባበት።

ቢሮ ነበርኩ
ልጅ ማቆያ ቢኖር ኖሮ ግማሹ ዝግጁ ነኝ ይል ነበር። ያኔ የሥራ አጥ ቁጥር ያድግና ኃላፊዎች ይደነግጣሉ ሃሃ። ሥራ ላይ ሳለሁ ለሴቶች መደራጃ ሼድ ስናዘጋጅ ሕፃን የሚቀመጥበት ጥግ ይኑር ብዬ አንዴ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። እዛው ቀረ።

የኢኮ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ነኝ፣ የመውጫ ፈተና እየጠበቅሁ። ሁለት ነገር። እኔ አሁን ምን ነኝ? ቀጥሎ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሀዋሳን ወጣቶች ሥራ አጥነት ልሠራ ነው፣ ለብቻው የወጣ ቁጥር ይገኛል?

ቁጥር እወዳለሁ
አንተ ተማሪ ነህ፣ ከኃይሉ ውጭ። ማታ ማታ ጌም ዞን ውስጥ እየተከፈለህ የምታመሽ ከሆነ ግን ሥራ ላይ ነህ፣ ሥራ ከተማሪነት ይቀድማል። በፈተናው ማግሥት ሲቪህን ይዘህ መዞር ስትጀምር ነው ሥራ አጥ የምትሆነው፣ እንኳን ደህና መጣህ።

ወጣት ላይ ከሆነ የምትሠራው በሥራ አጥነት መጠን ብቻ አትወሰን። ሥራ ላይም፣ ትምህርት ላይም፣ ሥልጠና ላይም የሌሉ ወጣቶችን ድርሻ ውሰድ። እሱ ላይ የአቶቴዋ እህትም ሼድ የነበረችም ይገባሉ፣ የሰለቸውም ይገባል። መነሻው ወጣቱ በሙሉ ስለሆነ መፈለግ ቢያቆሙም አይጠፉም።

ቆጣሪው
የከተማው ሥራና ሥራ አጥነት ጥናት ትላልቅ ከተሞችን ለየብቻ ያወጣል፣ ሀዋሳም አዳማም ራሳቸውን ችለው አሉ። የስታትስቲክስ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ ሪፖርቶቹን ታገኛለህ። ጥሬ መረጃውን ከፈለግህ ከዩኒቨርሲቲህ ደብዳቤ አጽፈህ ጠይቅ።

ግን ተጠንቀቅ። ሀዋሳን ወስደህ፣ በውስጧ ወጣቶችን፣ በውስጣቸው ሴቶችን፣ በውስጣቸው ዲግሪ ያላቸውን እያልክ ስትቆራርጥ እጅህ ላይ የሚቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ይሆናል። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ የናሙና ስሕተት ሰንጠረዥ አለ፣ አማካሪህ ሳይጠይቅህ እሱን አንብብ። ጥናቱ የተካሄደበትን ወርም ጻፍ። በጥቅምትና በኅዳር ቡና ሲደርስ ግማሹ የቀን ሠራተኛ ለቀማና እጠባ ላይ ነው፣ በሐምሌ ግን ግንባታውም ቀዝቅዞ ሌላ ከተማ ነው የምታገኘው። የተለያየ ወር ላይ የተሠሩ ሁለት ዙሮችን አወዳድረህ «ተሻሻለ» እንዳትል።

የኢኮ ተማሪ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የናሙና ስሕተቱን አላየሁትም ነበር። ሰንጠረዡ የሚገኘው በየከተማው ነው ወይስ በክልል ብቻ?

ቆጣሪው
በየትኛው ዙር እንደምትሠራ ንገረኝና አብረን እናየዋለን። ጋሼ ግን አትበለኝ፣ እዚህ ጋሽ ያለው አንድ ሰው ነው።

ጋሽ ጡረታ
እሱም ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ነው።